ስምንት ፎቶ ያቃጠለብኝ ፈታሽ

ከአባቴ የወረስኳት አሮጌ የሣጥን ካሜራ አለችኝ። በአንድ ፊልም የምታነሳው ስምንት ፎቶ ብቻ ነው። የፎቶ ቁጥር የምታሳየው መስኮቷ ስለደበዘዘ ፊልሙን የማዞረው በግምት ነው። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን መተማ ወርጄ፣ ስምንቱንም አንስቼ ስመለስ ሸሕዲ መግቢያ ኬላው ላይ አንድ ፈታሽ ከሚኒባስ አስወረደኝ።

«እዚህ ሣጥን ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ካሜራ ነው። እንዳትከፍታት! ብርሃን ከገባባት ፎቶው በሙሉ ይቃጠላል።»

ቃሌን ሳልጨርስ ከፈታት! ያውም በዚያ በጠራራ ፀሐይ! አገላብጦ አየና «ምንም የለበትም እኮ» ብሎ ዘግቶ መለሰልኝ።

«አቃጥለኸው ስታበቃ ምንም የለበትም ትለኛለህ?»

ደሜ ፈላ። እነዚያ አጫጆች ነዶ ተሸክመው ሐሩር ላይ የቆሙልኝ ለዚህ ነው? ጩኸቴ መንገደኛውን ሁሉ ሰበሰበ። ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን መጡ። እኔ ግን «በፍጹም!» አልኩ። ቢጨንቃቸው ሰውዬውን እንደ ወጉ ድንጋይ አሸክመው ፊቴ አመጡት።

«በል ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለው» አሉኝ አንደኛው።

እንደተኮሳተርኩ፣ ላቤን ልጠርግ ብዬ መሐረብ ፍለጋ እጄን ኪሴ ከተትኩ። አንድ ነገር ነካሁ። ፊልሙ ነው። ማሸጊያው እንኳ አልተቀደደም።

«ድንጋዩን አውርደው ወንድሜ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ስለ ልበ ሰፊነቴ መረቁኝ። እጄን ከኪሴ ያወጣሁት ግን ጎንደር ስደርስ ነው።