ነገሬና ዳክዬዋ

...ጠጥቶ ነው ያሉትስ ምላሳቸው ይታሰር! ነገሬ የእድራችን ለፋፊ አይደል? ያን ዕለት ጠዋት ጡሩንባውን ነፍቶ ሲያበቃ የሟቹን ስም መጥራት አቅቶት «እ... እ...» ብሎ ሲቀር፣ ሚስቱ ዋጋነሽ ባዶ እግሯን ነው የሮጠችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ምላሱ ተመለሰለት። ሐኪም ቤት ሲወስዱት ግን «የግራ አንገቱ ደም ስር ሊደፈን ደርሷል፤ ካልተጠረገ ሌላ ቀን ምላሱንም ቀኝ እጁንም ይዞበት ይሄዳል» አሏቸው።

ለፋፊ ያለ ምላስ ምን ሊሆን?

«ብቻ ጭልጥ አድርጋችሁ አስተኙኝ» አለ ነገሬ።

የማደንዘዣ ሐኪሟ ርሆቦት፣ የሰው ማር፣ «አይ አባባ፣ አንገትዎን ብቻ ነው የማደነዝዘው። እርስዎ ነቅተው ያወራሉ፤ እኔ ደሙ ጭንቅላትዎ መድረሱን በወሬዎ አውቃለሁ» አለችው። ቀኝ እጁን ደግሞ ሲጨምቋት ሲጥ የምትል የሕፃን መጫወቻ ዳክዬ አስያዘችው፤ እጁም መሥራቱን በድምፅዋ ልታውቅ። ያን የሚያህል ሽማግሌ!

ቢላው ሲጀምር ወሬ ጠፋው። ሠላሳ ዓመት የለመደው አንድ ነገር ነው።

«የእድራችን አባል አቶ ነገሬ ስላረፉ፣ ቀብራቸው ዘጠኝ ሰዓት ቀራንዮ መድኃኔዓለም...»

የቀዳጁ ሐኪም እጅ ቀጥ አለ።

«ኧረ ይተው አባባ! ሌላ ያውሩ!» አለች ርሆቦት።

«ሌላ አላውቅም እኮ ልጄ።»

ደም ስሩን ሊጠርጉት ቆንጥጠው ሲይዙት ግን ወሬው ተቋረጠ። ዳክዬዋም ዝም። ነገሬ ይሰማል፤ አፉ አልከፈት፣ ጣቱ አልታዘዝ አለው። ያቺ የጠዋቷ «እ...» መጣችበት። ርሆቦት ቶሎ ብላ የደም ግፊቱን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ሰጠችው፤ ሐኪሙም ደሙን የምታሻግር ቀጭን ቱቦ ከተተለት።

«አባባ፣ ይጭመቋት እስቲ» ትለዋለች ጆሮው ስር።

ቆየ። ቆየ።

ሲጥ!

«...ለቀስተኛ በሰዓቱ እንዲገኝ!» አለ ነገሬ።

ርሆቦት እየሳቀች እንባዋን ጠረገች፤ ሲወጣም ዳክዬዋን መረቀችለት። አሁን ጡሩንባውን ሳያነሳ አንዴ ይጨምቃታል። ዋጋነሽም ከውስጥ «እሰይ!» ትለዋለች፣ ቀኑ ይጀመራል።

ክፋቱ ኪሱ ይዟት መዞሩ ነው። የአስኮዋ ወለተጻድቅ ባሏ የተቀበረ ዕለት፣ ቄሱ ፍትሐት ሊጀምሩ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት፣ እጁን ሊሞክር ኪሱ ከትቶ ሲጥ አደረጋት። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ ሲያየው፣ ያ ጉደኛ አጠገቡ ወደቆመችው ሚስቱ ዞሮ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ዋጋነሽ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?»