የበለዘው ደረቴ

ሰው የረጠበ ጭድ ሲሸተው አገር ቤትና የዝናብ ወራት ይታወሱታል። እኔን ግን የሚወስደኝ ሪያድ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ፍራሽ ቤት ደጃፍ ላይ ዝናብ የመታው ጭድ ተከምሮ ሳልፍ ሸተተኝና አፌ ደም ደም አለኝ። እዚያ ከተማ በረጠበ ጭድ ውስጥ እያሳለፈ አየር የሚያቀዘቅዝ ማሽን አለ፤ ሰህራዊ ይሉታል። መስኮት ላይ ተገጥሞ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል። እኔ ቼሎ የሚባለውን ትልቅ ባለ ቀስት መሣሪያ የተማርኩት እንዲህ ያለ ማሽን በሚያጓራበት ክፍል ውስጥ፣ ሲቆጣ የያዘውን ሁሉ ከሚወረውር ሰው ዘንድ ነው።

መምህሬ በወጣትነቱ ምሥራቅ አውሮፓ ተልኮ ቼሎ የተማረ፣ አገሩ ተመልሶ በየመድረኩ የተጫወተ፣ ኋላም ኦርኬስትራ የመራ፣ በስተመጨረሻ ወደ ሙዚቃ ድርሰት የዞረ ሰው ነበር። ሪያድ የመጣው ሐኪም የሆነችው ልጁ ልትጦረው አስመጥታው ነው። እናቴ ደግሞ እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ነርስ ነበረች። ሁለቱ ሴቶች ተማከሩና፣ እሱን ብቸኝነት እንዳይገድለው፣ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ መንገድ ላይ እንዳልውል ብለው አገናኙን። ገና የጎረምሳ ድምፅ ማውጣት መጀመሬ ነበር። የሚኖሩት መለዝ ሰፈር፣ ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ቼሎው የእሱ ስለሆነ ከዚያ ቤት አይወጣም፤ እዚያው ሄጄ፣ እዚያው ተለማምጄ እመለሳለሁ። የእኛ ቤት ሰዎች መሣሪያውን በቅርብ አይተውት አያውቁም ነበር።

መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ያን ጊዜ ሙዚቃን በግልጽ መስማት ገና አዲስ ነገር ነበርና ጎረቤት መፍራቱ አልለቀቀንም። በብርድ ልብሱና በግድግዳው መሃል የምትገባ አንዲት ቀጭን ብርሃን በቼሎው ሆድ ላይ ትጋደማለች። ክፍሉ የቀስት ሙጫና የረጠበ ጭድ ይሸታል።

«ማን እቀፈው አለህ?» ብሎ ጮኸብኝ በመጀመሪያው ቀን። «ሕፃን ነው እንዴ? ታገለው! ደረትህ ላይ ሳበው፤ በጉልበትህ ያዘው፤ እንዳያመልጥህ!»

እኔ ደግሞ አጥንቴ የወጣ ቀጫጫ ልጅ ነበርኩ። የቼሎው ጠርዝ ደረቴ አጥንት ላይ ያርፋል፤ ጎንና ጎኑ የጉልበቴን ውስጥ ይደቁሰዋል። ብዙም ሳይቆይ ደረቴ በለዘ፣ ጉልበቴም በለዘ፣ የግራ እጄ ጣቶች ተላጡ። አንድ ከሰዓት በኋላ ወፍራሙ ክር ከመወጠሩ ብዛት ተበጥሶ አፌን ገረፈኝ። ደሙ አገጬ ላይ ወረደ። መምህሬ መሐረቡን ወረወረልኝና «በአፍህ አትጫወትም፤ ያላ፣ ቀጥል» አለኝ። ቀጠልኩ። ደስ ብሎኝ ነው የቀጠልኩት። ያን ሰውዬ እወደው ነበር።

ሲቆጣ የኖታ መቆሚያውን ብረት አንስቶ ከግድግዳ ጋር ያላትመዋል። ጫማ ወርውሯል። ብርቱካን ከነሳህኑ ወርውሯል። እኔን ግን አንድም ቀን በጣቱ አልነካኝም። ይህን ልብ በልልኝ። እኔን የሚመታኝ ሌላ ሰው ነበር።

አባቴ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው። ሥራ ላይ አንዲት ብሎን ላልታ እንዳይሆን ብሎ ደጋግሞ ተመልሶ የሚያይ ሰው፣ ቤት ሲገባ ያን ሁሉ ጥንቃቄ ከጫማው ጋር በር ላይ ያወልቀዋል። ቀበቶውን መፍታት ሲጀምር እናቴ ወደ ኩሽና ትሄድና ቧንቧ ትከፍታለች። ትምህርት ቤት ምን ሆነህ ነው ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰውን ያስጠናኝ እሱ ራሱ ነው፤ በር መታኝ፣ ደረጃ ላይ ወደቅኩ፣ የአልጋው ጠርዝ ገጨኝ። «ሹርጣ ጆሮ ከገባ ፖሊስ ጣቢያ ወስደውኝ፣ የመኖሪያ ኢቃማችን ተሰርዞ፣ ሁላችንም ተርሂል ነን፤ በአንድ አውሮፕላን ጠርዘው ነው የሚመልሱን» ይለኛል። እኔም ጥሩ ተማሪ ነበርኩ።

በሁለተኛው ዓመት ከተማው ተለወጠ። መድረክ ተከፈተ፣ የእኛም ብርድ ልብስ ከመስኮቱ ወረደ። የውጭ አገር ሰዎች በሚኖሩበት አንድ ግቢ ውስጥ ቫዮሊንና ቫዮላ የሚጫወቱ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ተሰባስበው ነበር። ስለ መምህሬ ሰምተው የራሱን ድርሰት ይዞ መጥቶ እንዲመራቸው ለመኑት። ከስንት ዓመት በኋላ ሰው ፊት ቆሞ እጁን ሊያነሳ ነው። ቼሎውን የምጫወተው ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ምግብ አልበላለት አለ። ልጁ «አባባ፣ መድረኩ ሳይደርስ ልትሞትብኝ ነው» እያለች በማንኪያ ትከተለው ነበር።

ድርሰቱ በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠራ ነው። መሃሉ ላይ ግን አራቱንም ክሮች በአንድ ላይ የሚያደቅቅ ቦታ አለ።

«በር ሲሰበር ሰምተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

«እኔ ሰምቻለሁ። በአንተ ዕድሜ፣ አባቴን ሊወስዱት ሲመጡ። እንደሱ አድርገው! አሁን ያደረግከው ማንኳኳት ነው!»

መቆሚያው ግድግዳው ላይ አረፈ።

ከመምህሬ ቤት በታች ባለው ፎቅ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የአገራችን ልጅ ነበረች። እናቴን ሱቅ ደጃፍ አግኝታ፣ «እህቴ፣ ያ ሰውዬ ልጅሽን ሊገድልብሽ ነው። ጩኸቱንም የብረቱንም ድምፅ በየቀኑ እሰማለሁ» አለቻት። እናቴ ቤት እንደገባች ሸሚዜን ገለበችው። ነርስ ናትና አልጮኸችም፤ በሁለት ጣቷ ደረቴን ጫን እያደረገች አየችው። ሱሪዬን ከፍ አስደርጋ ጉልበቴንም አየች። ቀና ስንል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ቼሎው ነው።»

«ምን?»

«ቼሎው ነው አባዬ። እዚህ ጋ ነው የሚያርፈው፣ ጠርዙ...»

ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እንግዲህ አስበው፤ በር መታኝ፣ አልጋ ገጨኝ እንድል ያስተማረኝ እሱ ነው። አሁን እንጨት አበለዘኝ ስለው፣ የገዛ ትምህርቱን መልሼ የሰጠሁት መሰለው። እውነቴን ነው ብዬ ማልኩለት። ስዋሽም እምል እንደነበር ያውቃልና መሐላዬ ጭራሽ አባሰው።

«ልጄን የምመታው እኔ ነኝ!» አለ። «እኔ ብቻ ነኝ!»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር። ሁለቱን መንገድ እሱ በትላልቅ እርምጃ፣ እኔ ክንዱን እየጎተትኩ ተሻገርን። አንድ ጊዜ ሲያራግፈኝ አስፋልቱ ላይ ወደቅኩ። ተነስቼ ደረጃውን ስወጣ በሩን በእግሩ ሲመታው ሰማሁ፤ ቁልፉ ተነቅሎ እንጨቱ ሲሰነጠቅ። መምህሬ ምን አድርግ ሲለኝ እንደከረመ ያኔ ገባኝ።

መምህሬ በካናቴራው ተቀምጦ ቀስቱን ሙጫ ይቀባ ነበር። አባቴ አንገቱን ይዞ አነሳውና ከግድግዳው አላተመው። ደገመው። መነጽሩ ወድቆ ከጫማ ሥር ተንኮሻኮሸ።

«በምኑ ነው የምትመታው? በምኑ!» ይላል አባቴ።

«ቼሎው ነው! ቼሎው ነው!» እላለሁ እኔ ከበሩ ላይ።

አባቴ ዞረና ቼሎውን አየው። ወንበሩን ተደግፎ ቆሟል። «እሺ! እንጨቱ ነዋ!» አለና የኖታ መቆሚያውን በሁለት እጁ አንስቶ በሙሉ ጉልበቱ ሰነዘረበት።

መምህሬ ቀኝ እጁን አስገባ። ራሱን ሊከላከል አይደለም፤ ቼሎውን ነው የሸፈነው። አጥንቱ ሲሰበር የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነበር፤ ከዚያ በፊት ከነበረው ጩኸት ሁሉ ግን እሱ ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው። መምህሬ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ቀኙን ነው» አለ። «አየህ፣ ቀኙን ነው።»

ለማን እንደሚናገር አላውቅም። አባቴ ብረቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ሐኪሟ ልጁ ስትደርስ ስልኳን አወጣች። «ሹርጣ ነው የምጠራው» አለች። እናቴ ሮጣ መጥታ እግሯ ላይ ወደቀች። እጇን የያዛት ግን የእናቴ ልመና አይደለም፤ አባቷ «ቆይ» ስላላት ነው። ሆስፒታል ወስደውት ምን ሆነህ ነው ሲባል ምን አለ መሰለህ? ደረጃ ላይ ወደቅኩ።

ዓርብ ዕለት ለዕርቅ ሁለት ሰዎች መምህሬ ቤት ተጠሩ፤ አንዱ ጡረታ የወጣ የኤምባሲ ሠራተኛ፣ ሌላው የአባቴ የሥራ አለቃ። በወጉ መሠረት በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ መግባት አለበት። መለዝ ውስጥ ድንጋይ ከየት ይመጣል? አባቴ ከጎን ከሚሠራው ሕንፃ አንድ ብሎኬት አንስቶ በማጅራቱ ተሸከመ። የሕንፃው ዘበኛ የሌባ ዓይነ ደረቅ መስሎት እየጮኸ ደረጃውን አብሮት ወጣ። አስታራቂዎቹ ነገሩን በዐረብኛ ሲያስረዱት አንዴ ብሎኬቱን፣ አንዴ የተንበረከከውን አባቴን አየና፣ «ኸላስ፤ ስትጨርሱ መልሱት» ብሎ ወረደ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር።

«ይማሩኝ ጋሼ» አለ አባቴ፣ የብሎኬቱ አቧራ ከላቡ ጋር አንገቱ ላይ እየወረደ። «አባት ነኝ። ልጄ ተነካ ብዬ ነው።»

«ካሳዎን ይናገሩ» አለ የኤምባሲው ሰው። «የሚሉትን እናስፈጽማለን።»

መምህሬ ወደ እኔ ዞረ። «ሸሚዝህን አውልቅ» አለኝ።

እንቢ ማለት አማረኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አወለቅኩ። በግራ እጁ ጣት ደረቴን ነካ። «ይሄ የቼሎዬ ነው። ጉልበቱ ላይ ያለውም የቼሎዬ ነው፤ እኔ እጠየቅበታለሁ።» ከዚያ ትከሻዬን ይዞ አዞረኝ። ጀርባዬ ላይ የተጋደመውን ሰምበር ሁሉም አዩት፤ የቆየውንም፣ ገና ያልደረቀውንም።

«ትከሻህን ዝቅ አድርግ ባልኩት ቁጥር ሲያመው አያለሁ» አለ። «የሰው ቤት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ይህን የትኛው መሣሪያ እንደሚሠራው ግን አላውቅም። ስማ አንተ ሰውዬ፤ ካሳዬ ይኸው ነው። በዚህ ጀርባ ላይ አንድ አዲስ ሰምበር ካየሁ ይህች ልጄ ስልኳን ታነሳለች። ያን ጊዜ ቆይ አልላትም።»

ማሽኑ ያጓራል። እናቴ የሻርፗን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ነክሳዋለች። በዚያች ሰዓት ሁለቱንም ሰዎች ጠላኋቸው፤ አንዱን ስለ ሠራው፣ አንዱን ስላሳየብኝ። ልብሴን ለብሼ ከዚያ ቤት መጥፋት ብቻ ነበር የምፈልገው።

«እሺ» አለ አባቴ ከብሎኬቱ ሥር።

ድርሰቱ በዚያ ግቢ ሳይሰማ ቀረ። የመምህሬ እጅ ጄሶ ውስጥ ሳለ ቀኑ አለፈ፤ ሐኪሞቹና መሐንዲሶቹ ሌላ ነገር ተጫውተው ተበተኑ። ጄሶው ሲፈታም አንጓው አልዞር አለው። ቀስት መያዝ አልቻለም። በግራው ለመምራት ሞከረና «የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ» ብሎ ተወው። ከዚያ በኋላ የሚያስተምረኝ እያዜመ ነበር። በዚያ ሻካራ ድምፁ የቫዮሊኖቹን ድርሻ ያዜምልኛል፣ እኔ ከሥሩ እጫወታለሁ። ዕቃ መወርወርም አቆመ። ብታምነኝም ባታምነኝም፣ ያ ብረት ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ ናፈቀኝ።

የኮሮናው ወረርሽኝ ጋብ ሲል ልጁ ሌላ አገር ሥራ አገኘችና ይዛው ሄደች፤ ቼሎውም አብሮት ሄደ። ሞቱን በስልክ ነው የሰማነው። ድርሰቱን ዛሬም በሌላ ቼሎ ብቻዬን እጫወተዋለሁ። የቀሩትን መሣሪያዎች ግን ከእሱ ጉሮሮ በቀር ከሌላ ሰምቼ አላውቅም። ይህ ያንገበግበኛል።

አባቴ ቃሉን ጠበቀ። ሁለተኛ አልመታኝም። ከሁለት መንገድ ለማትበልጥ ጉዞ በመኪና ያደርሰኝ ጀመር፤ ወደ ላይ ግን አይወጣም፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ታች ይጠብቀኛል። አንድ ምሽት ስንመለስ ቀይ መብራት ያዘን። ፊት ለፊቱን እያየ፣

«ያ እንጨት... ደረትህን ያምሃል እንዴ?» አለኝ።

ከተወለድኩ ጀምሮ ያምሃል ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

«ትንሽ» አልኩት።

እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ወደ እኔ ሰደደ። ሳላስበው ክንዴን ፊቴ ላይ አድርጌ በሩ ላይ ተለጠፍኩ። እጁ መሃል ላይ ቆመ።

«ላየው ብዬ ነው» አለ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን አቀለጡት። አባቴ አልነዳም። እኔም የሸሚዜን ቁልፍ ይዤ ነበር፤ ጣቶቼ ግን አልታዘዝ አሉኝ። ዳግመኛ አልጠየቀኝም።