ያለ ድራም መቺው የወጣው አልበም

ድራም መቺውና የታናሽ እህቱ ባል አስራ ስምንት ዓመት በአንድ ሆቴል መድረክ ላይ ሠርተዋል። አማቹ ሳክስፎን ነፊ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ አንዱ ያባርራል፣ አንዱ ያመልጣል፤ አስተናጋጆቹ ሳይቀሩ ትሪያቸውን እንደያዙ ቆመው ያዩዋቸው ነበር።

አማቹ አልበም ሊሠራ መሆኑን ሲሰማ ድራም መቺው አዲስ ቆዳ ገዝቶ ድራሙን ወጠረ። ጥሪ ግን አልመጣም። ሳምንት ጠበቀ፣ ወር ጠበቀ። አንድ ቀን እህቱ ቤት ምሳ በልቶ እጁን ሲታጠብ ከሳሎን አንድ ዜማ ሰማ። ከአማቹ ጋር እሱ ቤት ተቀምጠው አብረው ያወጡት ዜማ ነው። ከሥሩ የሚመታው ግን ኮምፒውተር ነበር፤ እንደተበላሸ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«አልበሙ አልቋል እንዴ?» አለ፣ እጁ እንደረጠበ።

እህቱ አቀርቅራ ሳህን መሰብሰብ ያዘች።

«ፕሮዲዩሰሩ ነው» አለ አማቹ። «ለስለስ ያለ ነገር ፈለገ። ሰው ሥራውን እየሠራ የሚሰማው።»

አልበሙ በወጣ በሁለት ወሩ ያልሰማው ጆሮ አልነበረም። ባንክ ሲገባ እሱ ነው፤ ጸጉር ቤት እሱ ነው፤ ስልክ ደውሎ «እባክዎ ይጠብቁ» ሲባልም እሱ ነው። ጎረቤቶቹ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ቤተሰብ አይደላችሁ?» ይሉታል። ምን ይበል፣ ፈገግ ይላል። ሆቴሉም ጊዜ አልፈጀም፤ የድራም መቺውን ባንድ አሰናብቶ አልበሙን በድምፅ ማጉያ ይከፍት ጀመር።

ቀጥሎ ኮንሰርት መጣ። አማቹ ከሚስቱ ጋር ድራም መቺው ቤት ድረስ መጥቶ «ሰው ሞልቶ ማሽን ብቻውን ያሳፍራል» አለው። «ሲመታ የሚታይ ሰው ያስፈልገኛል። ግን ልክ እንደ አልበሙ።»

«አፈር ስሆን፣ ወንድሜ፣ እሺ በለው» አለች እህቱ።

እሺ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየኮንሰርቱ ጆሮው ውስጥ የሚቆጥር ማዳመጫ ሰክቶ፣ ማሽኑ የመታውን ብቻ መታ። አንድ ቀን ግን እጁ አመለጠውና እንደ ድሮው አንዲት ምት ጨመረ። አማቹ ዞር ብሎ አየው። የተቆጣ ፊት አልነበረም፤ የፈራ ፊት ነበር። ዜማውንም ሳተ።

መልበሻ ክፍል ሲገቡ አማቹ በሩን ዘጋ።

«ፕሮዲዩሰሩ አልነበረም» አለ። «ማንን ትፈልጋለህ ብሎ ጠይቆኝ፣ ማሽኑ ይሻለኛል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«አንተ ከኋላዬ ካለህ መሮጥ አለብኝ። ደክሞኝ ነበር።»

«ብትነግረኝ ቀስ ብዬ አልመታልህም ነበር?»

«ትመታልኝ ነበር። እያዘንክልኝ። እሱ ይብስብኛል።»

ድራም መቺው መምቻ ዱላዎቹን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

በሳምንቱ ከሆቴሉ ዘመን ጓደኛው፣ ከቤዝ ተጫዋቹ ጋር ሊጫወት ሄደ። ጥቂት እንደተጫወቱ ቤዝ ተጫዋቹ ጊታሩን አቁሞ «ምነው፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለው። ሁለተኛ ሞከሩ፤ ያው ነው። እጁ ካልተቆጠረለት አይሄድም።

ድራሙን ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጠ። አሁን በርና መስኮት የሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ይቆርጣል። አማቹ ሁለተኛ አልበም አውጥቷል፤ እሱም ተወዷል። እህቱ እሁድ እሁድ ብቻዋን ትመጣለች። «ሰላም ብሎሃል» ትለዋለች። «እሱንም ሰላም በይልኝ» ይላታል። ባሏ ያልላከውን ሰላምታ እንደምታደርስ ያውቃል፤ እሷም የሱን ሰላምታ እደጅ እንደወጣች ትተወዋለች።