ከውሉ ስምንት ወር ሲቀር

ስሜነሽ ከቡሬ ተድራ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያለችው የጥርባ መንደር የገባች ሴት ናት። እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለተማረች፣ በ2003 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ለሰፈሩ የሕዝብ ስልክ ሲመጣ ኃላፊነቱ ለእሷ ተሰጠ። እንጅባራ ሄዳ የሁለት ዓመት ውል ፈረመች። አንቴና ያለው ገመድ አልባ ስልክና ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ሶላር ይዛ፣ ባጃጅ ውስጥ ተጣብቃ ተመለሰች።

ሥራውን ወደደችው። ከመተማም ከቤይሩትም ይደወላል። «እገሌን ጥሪልኝ» ሲሏት ከቀርከሃው አጥር ወጥታ ትጣራለች፤ የተጠራውም እያለከለከ ይመጣል። በዚያ ስልክ ላይ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን ታርቆ እንደወጣ ታውቃለች። ለባሏ ለአበረ እንኳ አውርታ አታውቅም።

በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጉሙ ከዘንገና ሐይቅ ተነሥቶ ከቤታቸው የሚታየውን የድንች ማሳ ሲያለብሰው ስልኩ ጮኸ። አንዲት ሴት በአገውኛ ተናገረች። የስሜነሽ አገውኛ ከገበያ አያልፍም፤ ከንግግሩ የለየችው «ቢሻው» የሚለውን ስም ብቻ ነው። በሰፈሩ ደግሞ ቢሻው የሚባል ሰው የለም።

«ተሳስተዋል፣ እናቴ» ብላ ዘጋች።

በማግሥቱም በዚያው ሰዓት ተደወለ። በሦስተኛውም ቀን። ሌላ ሰው ሲደውል ከበስተጀርባው መኪና ወይም ነፋስ ይሰማል። ከዚህች ሴት በስተጀርባ ግን ምንም የለም፤ ትንፋሽ እንኳ የላትም። የደዋዩ ቁጥር የሚታይበት ትንሽ መስኮትም ባዶ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጎረቤቷን ደጊቱን ጠራች። ደጊቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥርባ ተወልደው ጥርባ ያረጁ ሴት ናቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ ሁለት ቃል ብቻ መልሰው ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ምን አለችዎ፣ እማማ ደጊቱ?»

«ቢሻው ወንድሜ ነበር» አሉ። «እናታችን በሞተች በዓመቱ፣ ‘እማ ከታች እየጠራችኝ ነው’ ብሎ ወደ ሐይቁ ወረደ። አልተመለሰም። ስሙን የሚያነሣ ሰው ስለሌለ ነው ያልሰማሽው።»

«ታዲያ ይቺ ማን ናት?»

«ድምፁ የእናቴ ነው። እናቴ ግን አገውኛዋን እንዲህ አትናገርም ነበር» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። «የለም ብያታለሁ።»

ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ አለፈ። ስሜነሽም ሰውነቷ ላላ፤ እንደ ድሮዋ መጣራት ጀመረች። መስከረም ከገባ በኋላ ግን አንድ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ስታነሣው የሰማችው አማርኛ ነበር፤ ያውም የቡሬ አማርኛ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሐዘን ልብስ የለበሰችላት የገዛ እናቷ ድምፅ።

«ስሜ፣ አበረን ጥሪልኝ» አለች። «እጠብቃለሁ።»

ስሜነሽ አፏን ያዘች። አልተጣራችም። ግን በዚያው ቅጽበት፣ ከሐይቁ አፋፍ ድንች ሲቆፍር የነበረው አበረ ቀና አለ። ፊቱ ወደ ቤቱ አልነበረም። ወደ ሐይቁ ነበር።

«አቤት!» አለ። «ማን ነው የጠራኝ?»

ስልኩን ወርውራ ሮጠች። ስትደርስ አበረ መቆፈሪያውን ጥሎ ሐይቁን ወደከበበው ጫካ ብዙ እርምጃ ተራምዷል። ክንዱን ይዛ ስትጎትተው ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ዐይኑን አሸት አሸት አደረገ።

በማግሥቱ ስልኩን በጋቢ ጠቅልላ እንጅባራ ገባች። የቢሮው ሠራተኛ ምንይችል የተባለ ትሑት ሰው ነው። ውሉን ከመዝገቡ አወጣ።

«ገና ስምንት ወር ይቀርዎታል። ከጊዜው በፊት ለማፍረስ ምክንያት መጻፍ አለብዎት። ታመዋል?»

«አልታመምኩም።»

«አገር ሊለቁ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

እስክሪብቶውን ተቀበለችው። ምክንያት የሚለው መስመር ላይ ምን ትጻፍ? እስክሪብቶውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ምንይችል አዘነላት። «የሚተካዎት ሰው ከመጣ ግን ምክንያት አያስፈልግም፤ ውሉን በስሙ ማዞር ነው» አላት።

ተመልሳ ለደጊቱ ስትነግራቸው «እኔ እተካለሁ» አሉ።

«እማማ፣ እብደት ነው! ስልኩን ወደ ሐይቁ እንወርውረውና እንገላገል።»

«ቢሻውን ስትጠራው ስልክ ነበር እንዴ?» አሉ ደጊቱ። «የሚመልስላት ሰው ስላጣች ነው እሱ የሄደላት። በስልክ ከመጣችማ ደግ፤ ተቀምጬ እመልስላታለሁ።»

በሳምንቱ ሁለቱ ሴቶች እንጅባራ ወረዱ። ደጊቱ በስሜነሽ ስም አጠገብ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ስሜነሽ ነፃ ሆነች፤ ሶላሩም ወደ ደጊቱ ጣሪያ ተሻገረ።

ከዚያ ወዲያ ስሜነሽ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት እዚያ ሄዳ ትቀመጣለች። ስልኩ ይጮኻል። ደጊቱ አንሥተው ያዳምጣሉ። «አበረ የሚባል ሰው አናውቅም» ይላሉ፤ አንዳንዴ በአገውኛ፣ አንዳንዴ በአማርኛ፣ እንደ ጠሪዋ። አንዳንድ ቀን ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ ፊታቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። የእናታቸውን ድምፅ በየቀኑ «የለም» እያሉ መመለስ ቀላል አልነበረም።

ውሉ በግንቦት ሲያልቅ የቢሮው ሰዎች መጥተው ስልኩን ወሰዱት። ያን ጊዜ በየቤቱ ሞባይል መግባት ጀምሯል፤ የሕዝብ ስልክ የሚፈልግ አልነበረም። አበረና ስሜነሽም ከሐይቁ ለመራቅ በዚያው ክረምት የአፋፉን ማሳ ለወንድሙ ለቀው ጥሊሊ ገቡና ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ደጊቱ ከሦስት ዓመት በኋላ በአልጋቸው ላይ፣ በሰላም አረፉ።

አበረ ዛሬ ሞባይል አለው። ሲጮህ ግን ቀድማ የምታነሣው ስሜነሽ ናት። ሰላምታ አታስቀድምም፤ «ከየት ነው የምትደውሉት?» ትላለች። ደንበኞቹ ይስቁባታል፤ ቀናተኛ ሚስት ነው የምትመስላቸው። እሷ ግን ከዳንግላ ወይም ከባሕር ዳር ብለው የከተማ ስም እስኪጠሩ ድረስ ስልኩን ለባሏ አትሰጥም።