አያቴ የተለካችበት ሲባጎ

ማለዳ አንድ አሮጌ የናፍጣ መኪና እየተንተከተከ ሲነሳና ሽታው በመስኮት ሲገባ፣ ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔን ግን ሳቅ ያፍነኛል። ጂንካ ያለው የልጅነት ግቢያችን፣ የአባቴ የጣውላ ፍቅፋቂ፣ ከጆሮው ላይ የማትጠፋው እርሳስና ኪሱ ውስጥ የምትጠቀለለው ሲባጎ ተከታትለው ይመጡብኛል።

አባቴ አናጺ ነበር። በወጣትነቱ ከወላይታ መጥቶ፣ የአሪ ተወላጇን እናቴን አግብቶ፣ አልጋና አግዳሚ ወንበር፣ ሰው ሲሞት ደግሞ የሬሳ ሳጥን ይሠራ ነበር። ሜትር ነበረው፤ ሆኖም የሚያምነው ሲባጎውን ነው። የሜትር ቁጥር ይደበዝዛል፣ ቋጠሮ ግን አይዋሽም ይል ነበር። ሰው የሚለካው ከራስ እስከ ተረከዝ ዘርግቶ፣ ጫፉ ላይ አንድ ጊዜ ቋጥሮ ነበር፣ ያንን ደግሞ ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

በአንድ በጋ አጋማሽ፣ ከጂንካ ራቅ ብላ አልዱባ የምትኖረው የእናቴ እናት ውሃ ይዛ ስትመለስ አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ተጎዳ። ወጌሻው አሽቶና አስሮ፣ ሁለት ወር በጀርባዋ እንድትተኛ አዘዘ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች፤ በልግ ከገባ ወንዞቹ ይሞላሉ፣ መንገዱ ይቆረጣል፣ እናቷም ያለ አስታማሚ ብቻዋን ልትከርም ነው። ከዝናቡ በፊት ጂንካ ካልመጣች መቼም አላያትም እያለች ታለቅስ ነበር። የምትመጣበት ግን አልነበረም። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ የተጓዘችው በጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያና ፍየል መሀል ተቀምጣ ነው፤ ከሾፌሩ ጎን ያለው ጋቢና እንደሆን ሁልጊዜ ለፖሊስ ወይም ለቅቤ ነጋዴ ሚስት የተያዘ ነበር። አሁን ደግሞ ዳሌዋ ታስሮ ጆንያ ላይ መውጣት የማይታሰብ ሆነ።

ስለዚህ አባቴ መኪና እገዛለሁ ብሎ ተነሳ። መንዳት አይችልም፣ ስለ ሞተር የሚያውቀው ነገር የለም፣ የሚፈልገውን ግን ያውቃል፤ ፊቷ መኪና፣ ኋላዋ አልጋ የሆነች፣ አሮጌም ብትሆን ናፍጣ የምትጠጣ፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ቤንዚን በጂንካ አንድ ሳምንት ቢገኝ ሁለት ሳምንት ይጠፋል፣ ናፍጣ ግን ከጭነት ሾፌሮች እጅ አይታጣም ነበር። ጣውላም ትጭንልኛለች ብሎ ራሱን አሳመነ። ከዚያም በገበያ ቀን አልዱባ ሄዶ፣ አያቴ ተኝታ ሳለ ሲባጎውን አውጥቶ፣ ከራሷ እስከ ተረከዟ ዘርግቶ ቋጠረና እንዳይቀሰቅሳት በእግሩ ጣት እየረገጠ ወጣ።

አያቴ ግን አልተኛችም ነበር። ይህን እኛ ያወቅነው በኋላ ነው።

ከዚያ የመኪና ምርጫው ወራት መጣ። ደላላው መኪና ባመጣ ቁጥር መካኒኩ ከፊት ኮፈን ሲከፍት፣ አባቴ ከኋላ በር ይከፍት ነበር። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ የዘይቱን ሁኔታ ሲያስረዳው፣ አባቴ ሲባጎውን ዘርግቶ አንድ ስንዝር ጎደለ ይለዋል። ሞተሯ እንደ ሰዓት የምትሠራ አንዲት ነጭ መኪና መጥታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ውሰዳት ሲለው፣ እግራቸውን የት ላድርግላቸው ብሎ መለሳት። ሲባጎው የደረሰ እንደሆን ደግሞ ጫማውን አውልቆ ይገባና፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛ ነበር። አንድ ቀን ገበያው ዳር እንደዚያ ተኝቶ ሳለ፣ አንድ አልፎ ሂያጅ ገበሬ ኮፍያውን አውልቆ ሟቹ ከየት ሰፈር እንደሆኑ ቢጠይቅ፣ አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ ከሜዳው ማዶ ነኝ ብሎ መለሰለት፤ ሰውየው እስከዛሬ የሮጠበት አይታወቅም። እናቴ እንኳን ልትስቅ፣ አንተ ስትለካ በልግ ይገባል እያለች ትቃጠል ነበር።

በመጨረሻ አርባ ምንጭ ድረስ ሄዶ አገኛት። ወፍ ሲያጠና የኖረ አንድ ፈረንጅ የተዋት፣ ጥቁር፣ ረጅም፣ አንዱ በሯ በሽቦ የታሰረ ነበረች። ቋጠሮው ገብቶ አራት ጣት ተረፈ። ኮፈኑን የከፈተው ከገዛ በኋላ ሲሆን፣ ያንንም መካኒኩ ለምኖት ነው። ጠዋት ስትነሳ ጭሷ ሦስት ግቢ ይሸፍንና ጎረቤቶቻችን ያሰጡትን ልብስ ለመሰብሰብ ይሯሯጡ ነበር። አባቴ መንዳቱን የተማረው ያኔ ከተማው መሀል በነበረው፣ አውሮፕላን አልፎ አልፎ ብቅ በሚልበት ሣር ሜዳ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ላሞቹ ሲያዩት ይበረግጉ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ንቀውት ተኝተው ማመስኳት ጀመሩ።

የበልግ የመጀመሪያው ጠብታ በወደቀ ዕለት፣ ፍራሽና ነጭ አንሶላ ኋላዋ ላይ አንጥፈን፣ አባቴ እየነዳ፣ እናቴ ከጎኑ፣ እኔ ፍራሹ ጫፍ ላይ ሆነን አልዱባ ገባን። አባቴ አያቴ እንዳትንገላታ አስቦ መኪናዋን በኋላ በኩል እስከ ደጃፏ አስጠጋት። ወርዶ የኋላ በሯን ሲከፍት አያቴ በዱላ ተደግፋ የቤቷ በር ላይ ቆማለች፤ ለካስ አባቴ መኪና ሲመርጥ ዳሌዋ ድኗል። ጥቁሯን መኪና አየች፣ አንሶላውን አየች፣ ከዚያም አባቴን። ቤት ውስጥ የምትናገረው አሪኛ ነበር፤ አማርኛ የምታወጣው ስትቆጣ ብቻ ነው።

«ሳጥኑስ?» አለችው በአማርኛ።

«የምን ሳጥን፣ እማማ?»

«የለካኸኝ።»

አባቴ ፊቱ ልክ እንደ አንሶላው ሆነ። ሲባጎውን ከኪሱ አወጣው፣ መልሶ ከተተው፣ እንደገና አወጣው፤ ስለ መኪናዋ ርዝመት እየተንተባተበ ያስረዳ ጀመር። እናቴ ነገሩ ሲገባት መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። አያቴ አልሳቀችም። በእነዚያ ሁለት ወራት ቅሏን ለጎረቤቷ፣ ብርድ ልብሷን ለእህቷ ልጅ፣ ያለቻትን አንዲት ፍየል ለቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ሰጥታ ጨርሳ ነበር፤ መዘምራኑም ፍየሏን በልተው የቀብሯን መዝሙር እየተለማመዱ ነበር። ቆሜ ሳለሁ የሚለካኝ ማን ነው በሚል እልህ ደግሞ፣ ከወጌሻው ቀን አስቀድማ መራመድ ጀምራለች። ጂንካ የሚወስዱኝ ሊቀብሩኝ ነው ብላ ላለመሄድ ምላ ነበር፤ የእናቴ እንባና ሳቅ ሲደባለቅ ስታይ ግን በዱላዋ ወደ መኪናዋ ፊት ጠቆመች።

«ጋቢና ከሆነ እሄዳለሁ» አለች።

እናቴ ቦታዋን ለቀቀች። ቅሉና ብርድ ልብሱ ከየጎረቤቱ ተለቅሞ ተመለሰ፤ ከፍየሏ የተረፈው አጥንት ብቻ ነበር። አያቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋቢና ተቀምጣ፣ መስኮቱን እስከ መጨረሻው አውርዳ፣ መንገድ ላይ ላገኘችው ሰው ሁሉ፣ ለማታውቀውም ጭምር፣ እጇን እያነሳች ሄደች። ሁለት ወር ያልተኛችው እናቴ ፍራሹ ላይ ጋደም ባለችበት እስከ ጂንካ አንኮራፋች፤ ልኩም ልክክ ብሎላት ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስካሁን ሌላ መኪና አልሰጠኝም።

አያቴ ከእኛ ጋር ብዙ በልግና ብዙ በጋ ኖረች፤ እሑድ እሑድ ጋቢናዋን የሚነካባት አልነበረም። የሞተች ጊዜ አባቴ ሳጥኗን ሳይለካ ሠራው።

ዛሬ ወደ አልዱባ መንገዱ በበልግ አይቆረጥም፣ ሣር ሜዳው ላይ አውሮፕላን አያርፍም፣ መኪናም የሚመረጠው በስልክ ላይ በሚላክ ፎቶ ነው። ባለፈው የአባቴ ወገብ አልታጠፍ ብሎት ሐኪም ዘንድ የማመላልስበት አሮጌ የናፍጣ መኪና ፍለጋ ስጀምር፣ ደላላው የሞተር ፎቶ ቢልክልኝ የኋላዋን ላክልኝ ስለው ራሴን ታዘብኩት። ከዚያ የአባቴን የመሣሪያ ሳጥን ከፍቼ ያችን ሲባጎ ከነቋጠሮዋ አገኘኋት። አባቴ ተኝቶ ነበር። ከራሱ እስከ ተረከዙ ዘረጋሁለት፤ ያ ግዙፍ አባቴ አርጅቶ፣ አያቴ የተለካችበት ቋጠሮ ጋ ለመድረስ ሁለት ጣት ጎደለው።

«የምሄደው ጋቢና ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ሲባጎዋን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና ለደላላው ደውዬ፣ የጋቢናው ወንበር ለሽማግሌ ይመች እንደሆነ ጠየቅሁት።