ከፈተናው የወጣው አሮጌ ብሮውዘር

ከመካነ ሰላም ልወጣ ስል፣ ማታውን ሻንጣዬን ያሰረችልኝ ትንሿ ልጄ ዘሀራ ናት። «እማ፣ እኔም እከተልሻለሁ» አለችኝ፤ የልጅ ልጆቼ ቀሚሴን ይዘው ያለቅሳሉ።

ትልቋ ልጄ ሀያት ዱባይ ተቀበለችኝ። እዚህ ደጁ እሳት፣ ቤቱ ብርድ ነው። የኛ አገሩ የአቀስታ ብርድ እንኳ ከሰማይ ይመጣል፤ ይሄኛው ከግድግዳ ይወጣል። ሀያት ከጓደኛዋ ጋር ወደምትኖርበት ክፍል አከራዩ መጣና «ሦስተኛዋ ማን ናት?» አለ።

«እናቷ ነኝ።»

«እናትም ሰው ናት፤ ክፍሉ ለሁለት ሰው ነው።»

«ሰው መሆኔን ካወቅህ ሰላም በለኝ» አልኩት። ሀያት አስተረጎመችለት፤ አልሳቀም።

የሀያት ቢሮ፣ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄዱ ሰዎች የቪዛ ቀጠሮ የሚይዙበትን የኢንተርኔት ገጽ ይሠራል። እሷ ገጹን ትፈትናለች። አንዴ ስታዘው ኮምፒውተሩ ራሱ ብሮውዘሮቹን፣ ማለት ኢንተርኔት የሚታይባቸውን መስኮቶች፣ በየተራ ይከፍታል። በእያንዳንዱ ላይ የአመልካቹን ስምና አገር እየቀያየረ ያንኑ ቀጠሮ ማስያዣ ቁልፍ ይጫናል። ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ ያሳያል።

«አውጫጭኝ ነዋ!» አልኳት። እኛ አገር ከብት ሲጠፋ መንደሩ ይሰበሰባል፤ ያው ጥያቄ ለሁሉም ይዞራል፤ ማንም አይታለፍም።

አንድ ቀን ዘሀራ ደወለች። «ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ስሜን ሞላሁ፤ ቁልፉ እንቢ አለኝ። የመንደሩ ደላላ ደግሞ ያለ ቪዛ በባሕር የሚሄድ ሰው እየሰበሰበ ነው።»

በባሕር! ሀያት ብትጠይቃት፣ ያ ቤት ያለው አንድ አሮጌ ብሮውዘር ብቻ ነው።

«እሱን ከፈተናው አውጥተነዋል» አለችኝ ሀያት።

«ስለምን?»

«ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ ሥራ ያዘገያል። የሚጠቀምበትም ጥቂት ሰው ነው።»

«አውጫጭኝ ላይ ድሃው መልሱ ይዘገያል ተብሎ ይዘለላል?»

«አለቃዬ ነው ያለው፣ እማ።»

«እዚህ አምጪልኝ እሱን!»

በነጋታው አሮጌውን ብሮውዘር መልሳ ፈተናው ውስጥ አስገባችው። በየስሙ ቀይ ሆነ። አለቃዋ ተቆጣ፤ ግን ካየው ወዲያ እንዳላየ መሆን አቃተው። ገጹ ሲጠገን ለዘሀራ ደወልኩላት፤ ኢንተርኔት ቤት ገብታ ስልኩን ሳትዘጋ ሞከረችው።

«እማ፣ ተጫነልኝ! ቀን ምረጪ ይላል።»

«ምረጪያ!»

«ሁሉም ተይዟል ይላል።»

«ነገ ደግመሽ ግቢ። የሚለቅ አይጠፋም።»

ከኋላዋ አንድ ወንድ «ቶሎ በይ እንጂ» ሲል ሰማሁ።

«ማነው እሱ? ደላላው ነው?»

«የኢንተርኔት ቤቱ ሰውዬ ነው፣ እማ። ሰዓቴ አልቆ ነው።»

«ወላሂ በይ።»

«እማ፣ አይሰማኝም» አለችኝ።

እኔ ግን ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር።