ሰብለ የቀረችበት አሸዋ

ገና ልጅ ሳለሁ አሸዋ ብዬ የማውቀው ለቤተ ክርስቲያናችን አጥር ማሠሪያ ከወንዝ በአህያ የመጣውን አንድ ክምር ብቻ ነበር። አክስቴ ዘነብ ከዓረብ አገር ተመልሳ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ካለው ቤታችን ስትቀመጥ፣ ቀኑን ሙሉ ሄደውበት ስለማያልቅ አሸዋ ስታወራ፣ ያንኑ ክምር በሐሳቤ እያሳደግሁ እከተላት ነበር።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቄሱ አባቴ ከሠርክ ጸሎት እስኪመለስ፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው ከምድጃው ዳር እንቀመጣለን፤ እናቴ ሽሮዋን ታማስላለች፣ አክስቴ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰች ትጀምራለች። እሷና አብረዋት የተሰደዱት ሰዎች ባሕሩን በጀልባ ተሻግረው የመን ከወረዱ በኋላ ደላላው ከፊት ከፊት እየሄደ አስከተላቸው። አሸዋው እንደ ኮረብታ የተቆለለ፣ አንድ እርምጃ ሲወጡበት ሁለት የሚያንሸራትት፣ ነፋስ ሲመጣ የፊተኛውን ሰው ዱካ የሚያጠፋ ነው፤ አንዱን ወጥተን አበቃን ሲሉ ከፊት ሌላ አለ። እኔ እንደ ተረት ነበር የምሰማው።

መጨረሻው ሲቃረብ ድምፅዋ ይቀንሳል። አብራት የወጣችው የጎረቤታችን ልጅ ሰብለ፣ በሦስተኛው ቀን ከአንዱ የአሸዋ ኮረብታ ሥር ተቀመጠች። እግሯ ቆስሎ አብጦ ነበር። «ሂጂ፣ ትንሽ ልረፍና እደርስብሻለሁ» አለቻት። ደላላው አይቆምም። አክስቴ ከጠርሙሷ የቀረውን ውሃ ትታላት ወጣች። ከአናቱ ላይ ሆና ዞር ስትል ሰብለ እጇን አንሥታለች።

«ደህና ሁኚ ትበለኝ፣ ነይ ትበለኝ አላውቅም» ትልና ፍሙን መልሳ ትቆሰቁሳለች።

የሰብለ እናት እማማ ደብሬ እሑድ እሑድ ይመጡ ነበር። ለእሳቸው የሚነገራቸው ግን ሌላ ነው። ባሕሩ ዳር ሁለት መኪና መጣ፤ ሰብለ በአንዱ፣ አክስቴ በሌላው ሄዱ። «አብሽሩ እማማ፣ ስልኳ ጠፍቶባት ይሆናል» ትላቸዋለች። እሳቸውም የመኪናውን ቀለም ሳይቀር ይጠይቃሉ።

አንድ እሑድ አመሻሹ ላይ ይህንኑ ስትነግራቸው፣ ተረቱ የተምታታባት መሰለኝና ላርማት ጣልቃ ገባሁ።

«አክስቴ፣ ሰብለማ አሸዋው ሥር ተቀምጣ አይደል የቀረችው? እጇንም አንሥታ ነበር።»

እናቴ ማማሰያውን እንደ ያዘች ቀረች። እማማ ደብሬ «ውሃ ነበራት?» አሉ።

«ነበራት። ያለኝን ትቼላት ነው የሄድሁት» አለች አክስቴ። ከዚያ እግራቸው ሥር ተደፋች። «ተሸክሜያት ልወጣ አልቻልሁም፣ እማማ። እኔም ልወድቅ ነበር።»

እሳቸው አልተቆጧትም። ግን አላነሷትምም።

ቤታቸው ድረስ እንድሸኛቸው ታዘዝሁ። መንገድ ላይ እጄን አጥብቀው ይዘው «ማታ ማታ አሸዋው ይበርዳል ብላሻለች?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ይበርዳል ብላለች» አልኳቸው።

«ጋቢዋን ትታው ነው የሄደች» አሉ።

አክስቴ ከዚያ ወዲያ ከምድጃው ዳር ብትቀመጥም አታወራም፤ ዓመት ሳይሞላ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። እማማ ደብሬ ስለ ፍትሐት ጸሎት አባቴን ሊያነጋግሩ ሁለት ጊዜ መጡ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ አውርተው ተመለሱ፤ መሞቷን ያየ ሰው የለምና ልጄ ሞታለች ማለት አልቻሉም።

ዛሬ አቀስታ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ከተማሪዎቼ መካከል የዓረብ አገሩን መንገድ የሚያስቡ መኖራቸውን ስሰማ፣ አክስቴ የነገረችኝን ምንም ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ። ጸጥ ብለው ያዳምጡኛል። ከዚያም ይሄዳሉ። አምና አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ከመሄዷ በፊት ከክፍል ስወጣ ጠብቃ «ቲቸር፣ እናቴ መጥታ ብትጠይቅዎት ምን ይሏታል?» አለችኝ። እንዳትሄድ ብለምናትም አልሰማችኝ።

እናቷ እስካሁን ሁለት ጊዜ ትምህርት ቤት መጥታለች። በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ አለብኝ ብዬ ሸሸኋት። በሁለተኛው ወንበር ስቤላት አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ ስለ አሸዋው ግን ልነግራት አልቻልሁም። ያኔ፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ እንዴት እንደዚያ ቀሎኝ እንደ ተናገርሁ ይገርመኛል።